እንግዳው ሳይበላ

ኮሎኔሉ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ከወዲሁ ልናገር፣ ኋላ ሰምታችሁ እንዳትረግሙት። ሄሊኮፕተር ጭኖ፣ ሐኪምና መሐንዲስ አስከትሎ፣ ጎርፍ የጎዳውን ሕዝብ ልርዳ ብሎ ከባሕር ማዶ ድረስ የመጣ ሰው ነው። አሶሳ ላይ ድንኳኑን በተከለ ዕለት ወታደሮቹን አሰልፎ፣ «ማንም ሰው ያለ ፈቃዱ ከቤቱ አይነሣም፤ ቤተሰብ አይነጣጠልም፤ ሕጋችን ይህ ነው» ሲላቸው የከተማዋ መምህር በቀለች በጆሮዋ ሰምታለች። አስተርጓሚ ልሁን ብላ የተስማማችውም ያንን ሰምታ ነው። ሰውየው የተናገረውን ከልቡ ነበር የተናገረው።

ችግሩ አንድ ብቻ ነበር። ኮሎኔሉ የሰው ቤት እህል አይቀምስም።

በልሹራ ከአሶሳ ራቅ ብላ ኮረብታ ላይ ጉብ ያለች የበርታ መንደር ናት። በነሐሴ ያ ዝናብ እንደ ጉድ ሲወርድ፣ በግርጌዋ የሚያልፈው ወንዝ ድልድዩን ጠራርጎ ወሰደ፤ ከታችኛው ሰፈርም ጥቂት የቀርከሃ ቤቶች ይዞ ሄደ። ሰዉ ነፍሱን ይዞ ወደ መስጊዱ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ለመኪናም ለአህያም መንገድ የለም። ወደ በልሹራ የሚደርሰው የኮሎኔሉ ሄሊኮፕተር ብቻ ሆነ።

መጀመሪያ በመጡ ቀን ብርድ ልብስና መድኃኒት አወረዱ። መንደሩ ገንፎ በባሚያ ወጥ ይዞ ቀረበ። ኮሎኔሉ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነና አልበላም አለ። ትእዛዝ ነው፤ ወታደሩ ሆዱን እንዳያመው ከቆርቆሮ ምግቡ በቀር ሌላ እንዳይነካ ተከልክሏል። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩና ገንፎውን መለሱት። በቀለችም ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም።

በማግሥቱ ግን ኮሎኔሉ ፊቱን አጨፍግጎ መጣ። ሁሉንም ማንጎው ሥር አስቀምጦ፣ ቆሞ ተናገረ፤ በቀለችም ከእንግሊዝኛው ወደ በርታው ታሻግር ጀመር።

«ኮረብታው እየተሰነጠቀ ነው። መሐንዲሶቼ አይተውታል። ነገ ደግሞ ከባድ ዝናብ አለ። ስለዚህ ዛሬውኑ ሁላችሁንም እናነሣችኋለን። ልጆቹ ቀላል ስለሆኑ በአንድ ጉዞ ብዙ ይጫናሉ፤ እነሱ ቅድሚያ ወደ አሶሳ ይሄዳሉ። ትልልቆቹ ሰማዩ ከፈቀደ ማታውኑ፣ ካልፈቀደ ደግሞ ሲከፍት ወደ ባምባሲ መጠለያ ትሄዳላችሁ፤ የአሶሳው ሞልቷል። ከዚያ እናገናኛችኋለን።»

በቀለች «እናገናኛችኋለን» ላይ ስትደርስ ምላሷ ተሳሰረ። ይህችን ቃል ታውቃታለች። እንዴት አታውቃት!

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ስትነሣ ገና የወተት ጥርሷ ወልቆ አላለቀም። ያኔም መለዮ የለበሱ ሰዎች ነበሩ የመጡት፤ ያኔም «ለናንተው ደኅንነት» ነበር የተባለው። እሷንና እናቷን አንቶኖቭ አውሮፕላን ውስጥ ከተቷቸው። ታናሽ ወንድሟን ቢሻውን የያዘው አጎቷ ግን ወደ መኪናው ተገፋ፤ «ግድ የለም፣ እዚያ እናገናኛችኋለን» ተባለ። አንቶኖቩ አሶሳ አራገፋቸው። መኪናው ፓዌ ሄደ። በመካከል ዓባይ ነው። እናቷ ቢሻው ቢሻው እንዳለች ሞተች። እህትና ወንድም ሲገናኙ እሱ ጺሙን ላጭቶ፣ ሚስት አግብቶ ነበር፤ እንደ ባዕድ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጨበጣትና «ደህና ነዎት?» አላት። እርስዎ! በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ልጅ! በቀለች ያን ቀን ቤቷ ገብታ በሩን ዘግታ የጮኸችውን ጩኸት ጎረቤት እስከ ዛሬ ያወራዋል።

እና አሁን፣ ያው ቃል በእሷው አፍ ወጣ።

በልሹራዎች ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ምንም! «መርሐባ፣ መርሐባ» አሉ። «አላህ ይስጥልን፣ ደከማችሁ» አሉ። የመንደሩ ሽማግሌ ሸኽ ዓብዱልላጢፍ ነጭ ጀለቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡና፣ «ቃልህን ሰምተናል፤ በል ተቀመጥ፣ እህል ቅመስ» አሉት። ገንፎው እንደገና መጣ። ኮሎኔሉም እንደገና እጁን ደረቱ ላይ አደረገና አልበላም አለ።

«ተስማምተዋል አይደል?» አላት ወደ በቀለች ዞሮ።

«አልተቃወሙም» አለች።

«ግሩም! በሉ ልጆቹን አሰልፉ።»

በቀለች ደሟ ፈላ፤ የፈላው ግን በኮሎኔሉ ላይ ሳይሆን በመንደሩ ላይ ነው። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? ልጅህን ልወስድ ነው ሲባል ፈገግ ብሎ ገንፎ የሚያቀርብ ሰው አለ? ኧረ ወዲያ! እንዲህ እየተብከነከነች ቆማ ሳለ አንዲት ሴት ክንዷን ይዛ ከማንጎው ጀርባ ሳበቻት። ኸድራ ነበረች። ኸድራ በመንደሩ በምላሷ የምትፈራ፣ ገበያ ላይ ነጋዴ የምታስለቅስ ሴት ናት።

«ኡስታዛ፣ እውነት ልጆቻችንን ሊወስዱ ነው?»

«አልሰማሽም እንዴ? ሲናገር ፊት ለፊቱ ተቀምጠሽ የለ! ምነው እምቢ አትሉም?»

ኸድራ ያበደች ሴት እንደምታይ አፍጥጣ አየቻት። «እንዴት ብለን? ሰውየው እኮ አልበላም!»

«ባይበላስ?»

«ኡስታዛ! በባዶ ሆዱ ያለ እንግዳ እምቢ ይባላል? ከውሻ ልቆጠር? መጀመሪያ ይበላል። ሲበላ የቤት ሰው ይሆናል። ለቤት ሰው ደግሞ እውነቱን ፊቱ ላይ ትነግሪዋለሽ። ትናንት የቀረችውን ዱቄት አገነፋን፣ አልበላም። ዛሬ ከየቤቱ ጭብጥ ጭብጥ ለቅመን አገነፋን፣ አሁንም አልበላም። እኛም በቃ፣ ሲበላ እንነግረዋለን ብለን እየጠበቅን ነው።»

«ታዲያ ለምን አትነግሩኝም?»

«ይህን የማያውቅ ሰው አለ ብለን!»

በቀለች ሳቋም ለቅሶዋም አንድ ላይ መጣባት። ይህን ሁሉ ዘመን አሶሳ ከተማ ተቀምጣ፣ በርታውን አፏን ሞልታ እየተናገረች፣ የገጠሩን ወግ አላወቀችም! መንደሩ እምቢታውን በጉያው ይዞ የአንድ ሰው ጉርሻ እየጠበቀ ነው፤ ሰውየው ደግሞ ሕጉን አክብሬያለሁ ብሎ ልጆች እያሰለፈ ነው። ሁለቱም ወገን ጨዋ፣ ሁለቱም ወገን ባለ ሕግ፤ በመካከል ልጆቹ ሊበተኑ ነው።

ሮጣ ኮሎኔሉ ጋ ደረሰች። «አልተስማሙም» አለችው።

«ጠየቅኋቸው እኮ፣ መምህር። አንድም ሰው አልተቃወመም።»

«ሊቃወሙ አይችሉም። እርስዎ አልበሉም።»

ኮሎኔሉ የምትቀልድ መሰለው። ቆይቶ ፊቷን አየና እንዳልቀለደች ገባው። ያን ጊዜ ነው የተቆጣው። «ደመናውን ይዩት እስቲ! ኮረብታው ቢናድ ሬሳቸውን ነው የማወጣው። እርስዎ ስለ ገንፎ ያወሩኛል?»

እውነቱን ነው፤ ደመናው ከሱዳን በኩል ጠቁሮ እየመጣ ነበር። ሄሊኮፕተሩ መሽከርከሪያውን ማዞር ጀምሯል፤ አቧራና ቅጠል ይበተናል። ወታደሮቹ ብስኩት እያደሉ ልጆቹን ይሰበስባሉ፤ ልጆቹም ብስኩት አይተው ይከተላሉ። ልጅ ምን ያውቃል? አንድ ጎረምሳ ወታደር ጎንበስ ብሎ የኸድራን ትንሽ ልጅ ዐርዋን አነሣት። መልካም ልጅ ነው፤ እንዳትፈራ አፍንጫዋን እየነካ ያጫውታታል። ኸድራ ግን የልጇን እጅ ይዛለች። ፊቷ ላይ ለእንግዳ የሚገባው ፈገግታ አለ፤ እጇ ግን አይለቅም። ያ ፈገግታ የበቀለችን አንጀት እንደ ምላጭ ቆረጠው።

ኮሎኔሉም አየ። «እንድትለቃት ይንገሯት» አለ።

«አልነግራትም።»

«ምን?»

«አልነግራትም አልኩ። እኔ ከሌለሁ ደግሞ የሚነግርልዎ የለም።» ሄዳ ከኸድራ ጎን ቆመች። «ልጅ ሆኜ እንዲህ አድርገው ጭነውኛል። እነሱም ክፉ ሰዎች አልነበሩም ይሆናል፤ አላውቅም። እዚያ እናገናኛችኋለን ብለው ወንድሜን በሌላ መኪና ወሰዱት። ስንገናኝ አላወቀኝም፣ ኮሎኔል። እናቴ ደግሞ ሳታየው ሞተች። በእኔ አፍ ይህ ዳግመኛ አይደረግም። ሕግዎ ያለ ፈቃዱ ማንም አይነሣም ይላል። ፈቃዳቸውን ማወቅ ከፈለጉ እዚያች ገበታ ላይ ይቀመጡና ይብሉ። ካልፈለጉ ግን ይህ እርዳታ ነው አይበሉኝ።»

ኮሎኔሉ በቀለችን አየ፤ ኸድራን አየ፤ በሁለት ሰው መካከል የተወጠረችውን ሕፃን አየ። ፊቱ ቀላ። ሊጮህባት ነው ብላ በቀለች ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች።

«ልጅቷን አውርዳት» አለ ወታደሩን። ለአብራሪው እጁን አወዛወዘለት፤ ሞተሩ ጠፋ። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ማንጎው ሄደ።

ጉድ ፈላ! ሐኪሙ ከኋላ ከኋላው እየሮጠ ስለ ውሃውና ስለ ተሕዋሱ ሊነግረው ሞከረ፤ ኮሎኔሉ ጆሮ ዳባ ልበስ አለው። አንዲት ሴት ማስታጠቢያ ይዛ መጣች። ታጠበ። ረጅም እግሩን እንደ ግመል አጥፎ ተቀመጠና እጁን በትኩሱ ገንፎ መሐል ከተተ። ተቃጠለ፤ ግን አልጮኸም፤ የወንድ ነገር። ባሚያው እየተጎተተ በአገጩ ወረደ፣ በመለዮው ላይ ተንጠባጠበ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። እሱ ግን በላ። አንድ ጎረሰ፣ ደገመ፣ ሠለሰ፤ አራተኛውን ግን፣ ወላሂ፣ ወዶ ነው የጎረሰው።

ሸኽ ዓብዱልላጢፍ ጣቱን እስኪልስ ጠበቁት። ከዚያ ተነሡ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «አሁን የቤት ሰው ሆንክ። የቤት ሰው ደግሞ አይዋሽም። እንግዲህ ስማን፤ አንሄድም። ልጆቻችንንም አንሰጥም።»

በቀለች ይህን ስትተረጉም ድምፅዋ ከየት እንደመጣ አታውቅም፤ ማዶ ያለ ሰው የሚሰማው ድምፅ ነበር። እሷ ሳትጨርስ ደግሞ የመንደሩ አፍ በአንድ ጊዜ ተከፈተ። አይ በልሹራ! የታፈነ ነገር እንዲህ ነው።

«ባሌ ከአልጋ አይነሣም፤ እሱን ጥዬ የት ነው የምሄደው?»

«ማሽላዬ ገና ወገቤ ድረስ ነው። አንድ ሳምንት ብሄድ ዝንጀሮ ይጨርሰዋል፤ በመጠለያችሁ ውስጥ እስከ መቼ ልትቀልቡኝ ነው?»

«ልጄን ከእጄ ለመውሰድ የሚመጣ መጀመሪያ እኔን ይግደለኝ!» ይህች ኸድራ ናት፤ ፈገግታዋ ድራሹ ጠፍቷል። «አንተ ልጅ የለህም? የአንተን ልጅ እንዲህ ብስኩት ሰጥቼ ልውሰዳት?»

በቀለች አንዷንም ቃል ሳታለሰልስ አሻገረች። ስድብ ሲኖርም አሻገረች፤ አንድ ሁለት ነበረበት። ኮሎኔሉ መሐረቡን ይዞ አገጩን እየጠረገ ሁሉንም ሰማ።

«ልጅ አለኝ» አለ። «ሁለት። ማንም እንዲህ ቢወስድብኝ...» አልጨረሰውም። «የጠየቅኋችሁ መስሎኝ ነበር። ነግሬያችሁ ኖሯል እንጂ አልጠየቅኋችሁም። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ሸኽ ዓብዱልላጢፍ «ዐፉ ብለናል፣ የቤት ሰው ነህ» አሉት።

«ኮረብታው ግን እውነት ተሰንጥቋል። ይህን የምለው ላስፈራራችሁ አይደለም።»

«የቱ ጋ?»

«ኑ፣ ላሳያችሁ።»

ያን ጊዜ የሆነውን ማየት ነበር! ሸኹ ከፊት፣ ኮሎኔሉ ከጎናቸው፣ መሐንዲሶቹና የመንደሩ ሰው ከኋላ፤ ሁሉም ተያይዘው ወደ ቁልቁለቱ ወረዱ። መሐንዲሱ ስንጥቁን እየጠቆመ ውሃ ሲገባበት አፈሩ በየት በኩል እንደሚንሸራተት አስረዳ። ሰዎቹም ውሃው በየዓመቱ በየት በኩል እንደሚወርድ አሳዩት፤ ከታችኛው ሰፈር ያሉት ራሳቸው ስንጥቁን ሲያዩ ክው አሉ። «እንደዚህ መሆኑን አላየንም» አሉ። እዚያው ቆመው ተመካከሩ። ከስንጥቁ በታች ማንም እንዳያድር፣ የታችኛው ሰፈር ሰው በሙሉ ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ እንዲወጣ፣ ወታደሮቹም ድንኳን እንዲተክሉላቸውና ሰማዩ ሲከፍት እህል እንዲያመላልሱ ተስማሙ። መሄድ የሚፈልግ ደግሞ ከነቤተሰቡ፣ አንድ ላይ፣ ወደ አንድ ቦታ ይሄዳል። ኮሎኔሉ ይህን የመጨረሻውን በቀለችን ሁለት ጊዜ አስደገማት። ሁለተኛውን ስትደግመው ሰዉ ሁሉ እጁን አነሣ። አሁን ይህ ስምምነት ይባላል፤ ዐይን ዐይን እየተያየ የተደረገ ስምምነት።

ያ ቀን ከዚያ ወዲያ ሠርግ መሰለ። ወታደሩ ድንኳን ይወጥራል፣ የመንደሩ ወጣት ቀርከሃ ቆርጦ ይመጣል፣ ሽማግሌው ያዛል፣ ሴቶቹ ከታችኛው ሰፈር ዕቃ በራሳቸው ያመላልሳሉ፣ ልጆቹም ብስኩታቸውን እየበሉ በሁሉም እግር ሥር ይሹለከለካሉ፤ አሁን ማንም አያባብላቸውም፣ እናቶቻቸው «ከመንገድ ዞር በል አንተ!» እያሉ ይቆጧቸዋል። በቀለች ይህን ቁጣ ስትሰማ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ከአሶሳ በሬዲዮ ተጠየቀ። ለልጆቹ አልጋ ተዘጋጅቷል፣ ስንት ይመጣሉ ተባለ።

«አይመጡም» አለ ኮሎኔሉ። «እምቢ ብለዋል። ልክ ናቸው።»

ሊመሽ ሲል ነዕማ የምትባል ነፍሰ ጡር መጣች። ምጥ ከጀመራት ቆይቷል፤ ልጁ ተጋድሟል አለ ሐኪሙ፤ አሶሳ ሆስፒታል ካልደረሰች ሁለቱም ያልቃሉ። ባሏ ጁምዓ ደግፏታል፤ ሦስት ትንንሽ ልጆች ቀሚሷን ይዘዋል። «እሄዳለሁ» አለች ነዕማ ጥርሷን ነክሳ። «ማንም አላስገደደኝም። ግን ልጆቼን የምተውለት ዘመድ የለኝም። ሁላችንም ነን የምንሄደው።»

አብራሪው ራሱን ነቀነቀ። ወደ ጦሩ ሰፈር የሚመለሱ ወታደሮችና ዕቃ አለ፤ ዝናቡም ደርሷል፤ የሚነሣው አንድ ጊዜ ነው። በሽተኛዋና አንድ ሰው ብቻ፤ ልጆቹ ነገ።

ይኸው፣ ነገሩ መልሶ መጣ። ቀኑን ሙሉ የተገነባው በዚህች አንዲት «ነገ» ሊፈርስ ነው። በቀለች አፏን ለመክፈት አየር ሳበች። ነገር ግን አልቀደመችም።

«ዕቃውን አውርዱ» አለ ኮሎኔሉ። «ወታደሮቹም ይውረዱ። እኔም አልሄድም። እዚህ እናድራለን።»

አብራሪው ደንቡን ሊጠቅስ ሲል ኮሎኔሉ፣ «ደንቡ ቤተሰብ አይነጣጠልም ነው የሚለው» አለው፤ «እኔ ነኝ ያነበብኩላችሁ።»

ወታደሮቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ያ ዐርዋን ያነሣው ጎረምሳ የነዕማን ትንሿን ልጅ ተሸክሞ ወስዶ አባቷ ጭን ላይ አስቀመጣት፤ ቀበቶዋን አሰረላት። ሐኪሙ ከነዕማ ራስጌ ተቀመጠ። በቀለች በበሩ በኩል አንገቷን አስገብታ፣ ወዴት እንደሚሄዱ፣ ማን እንደሚቀበላቸው፣ ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ እንደሚያድሩ በበርታ ነገረቻቸው። ነዕማ እጇን ይዛ ሳመቻት።

ሄሊኮፕተሩ ተነሣ። በልሹራ በሙሉ፣ የአገሩም የባሕር ማዶውም፣ አንጋጦ ያያል። መንደሩ ላይ አንድ ዙር ሲዞር ጁምዓ በመስኮቱ ታየ። ትልቁን ልጁን ከፍ አድርጎ አሳየ፤ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ሁለተኛውን አሳየ፤ እልል! ሦስተኛዋን ሊያነሣ ሲል ሄሊኮፕተሩ ዞረና መስኮቱ ከዐይን ጠፋ። ኸድራ «ትንሿስ?» ብላ ጮኸች። ኮሎኔሉም በራሱ ቋንቋ ያንኑ ጠየቀ።

በቀለች ግን ከቆመችበት ጫፍ አይታታለች። «አለች!» አለች። በአማርኛ አለች፣ በበርታ አለች፣ በእንግሊዝኛ አለች፤ እንባዋ እየወረደ እየሳቀች፣ እስኪሰለቻት ድረስ «አለች! አብራቸው አለች!» አለች።